ባሕሩ ሳይበርድ መግባት፦ ወሰናችሁን የት ታሰምራላችሁ?

ከገደሉ ሥር (ኔታንያ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሞገድ ስለ መጋለብ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች በጣት የምንቆጠር ብንሆንም፣ ባለፈው ሐሙስ የደረሰብኝን በራሴ ቋንቋ ካልጻፍሁት የሚወጣልኝ አልመሰለኝም። ዕድሜዬ 31 ነው። ያደግሁት በእስራኤል፣ በኔታንያ፣ ከባሕሩ በላይ በተገተረው ገደል አጠገብ ሲሆን፣ ሰሌዳ ላይ መቆም የጀመርሁት በ14 ዓመቴ፣ ከሰፈር ልጅ በተዋስሁት አፍንጫው የተሰበረ ሰሌዳ ነው። ጀማሪ አይደለሁም፤ ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን፣ ጥፋቴን ሳስበው ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ይኸው ስለሆነ ነው።

ረቡዕ ሌሊት የገባው ማዕበል ሐሙስ ጎሕ ሲቀድም እንደ በረታ ነበር። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ ትንበያው የሞገዱን ቁመት ሦስት ሜትር ተኩል፣ በአንዱና በቀጣዩ ሞገድ መካከል ያለውን ጊዜ ደግሞ ስምንት ሰከንድ ይላል። ሲሮኒት ከሚባለው የባሕር ዳርቻ በላይ ባለው አጥር ላይ ተደግፌ ዐሥር ደቂቃ ያህል ተመለከትሁ። ውሃው አሸዋውን ከሥሩ ስለ በጠበጠው ወተት የነካው ሻይ መስሏል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ አድማሱ ድረስ የሚታየው ነጭ አረፋ ብቻ ነበር። አንድም ሰው ውሃ ውስጥ አልነበረም። ይህ ሊመልሰኝ ሲገባ፣ ሞገዱ ሁሉ የእኔ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ አልዋሽም፣ በባሕር ላይ ካሳለፍሁት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። አንዱን ሞገድ እስካሁን በዓይኔ አየዋለሁ፦ ከኋላ ሲያነሣኝ ሆዴ ቀድሞኝ ወረደ፤ ሰሌዳው ከእግሬ ሥር ጠጠር መንገድ ላይ እንደሚሄድ ጋሪ ተንገጫገጨ፤ ነፋሱ የሞገዱን ጫፍ እየገሸለጠ ጉንጬ ላይ ይረጨው ነበር፤ ድምፁንም በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ነው የሰማሁት። ቢበዛ ስምንት ሰከንድ ቢሆን ነው። በእነዚያ ስምንት ሰከንዶች ውስጥ ስለ ኪራይም ሆነ ስለ ሥራ የሚያስብ ጭንቅላት የለም።

ቀጥሎ በመጣው ላይ ወደቅሁ፤ ሰሌዳውን ከቁርጭምጭሚቴ ጋር የሚያያይዘው ገመድም ሞገዱ ሲጎትተው ተበጠሰ። ወጥቼ አንድ ጊዜ ስተነፍስ ሌላው ደርሶ መልሶ አሰጠመኝ፤ ይህ ሦስት ጊዜ ሆነ፤ በሦስተኛው ላይ ወደ ላይ የቱ እንደ ሆነ ጠፋኝ። ጅረቱ በሞገድ መስበሪያው ድንጋይ ጥግ አድርጎ ወደ ሰሜን ወሰደኝ፤ ድንጋዩን ያለፍሁት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ይመስለኛል። ከገባሁበት ቦታ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ በእጄና በጉልበቴ እየዳህሁ ወጣሁ። በጎማ ልብሴ፣ ባዶ እግሬን በመንገድ ዳር ስመለስ፣ አውቶቡስ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ዝናቡ ነው እንዲህ ያደረገህ?» ብለው ጃንጥላቸውን አጋሩኝ።

ጥያቄዬ «ልተወው ወይስ ልቀጥል» አይደለም፤ እርሱን በተመለከተ እናቴ በበቂ ተናግራለች። ማዕበል ከሌለ የእኛ ባሕር፣ ሜዲትራኒያን፣ ይህ ነው የሚባል ሞገድ የለውም፤ ክረምቱን ሁሉ የምንጠብቀው እርሱን ነው። ታዲያ እናንተ ወሰኑን በምን ትለካላችሁ?

እኅት ዓለም (አሽቀሎን)፦

ወንድሜ፣ በሕይወት መትረፍህ ደስ ብሎኛል፤ ከዚህ በኋላ የምለው ግን ደስ የሚል አይደለም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲባል ሰምተህ አድገሃል፤ የጻፍኸው ግማሽ ሰዓት ያ ሳቁ መሆኑን ራስህ መልሰህ አንብበው። እኔ ሞገድ አልጋልብም፤ ሁለት ወንድሞቼ ግን ይጋልባሉ፤ ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ በዚያ ጠዋት አንድ ሰው ከገደሉ ላይ ሆኖ ስትሰጥም ቢያይህ ኖሮ ምን እንዲያደርግ ትፈልግ ነበር? ሌላውን ሊያወጣ ገብቶ ራሱ የሚቀር ሰው በየአገሩ አለ። ወሰንህን ስታሰምር የራስህን ትንፋሽ ብቻ አትለካ።

ፓሲፊክ ዳር (ካሊፎርኒያ)፦

የእኅታችን ጥያቄ መልስ የሚያሻው ስለሆነ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ውሃው ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም «ሦስት ሜትር ተኩል» የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ሞገድን የሚሠሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የነፋሱ ፍጥነት፣ የነፈሰበት የጊዜ ርዝመት፣ እና ሳይቋረጥ የነፈሰበት የውሃ ስፋት። ነፋሱ በሚነፍስበት ቦታ ላይ ባሕሩ የተምታታ ነው፤ አጭርና ረጅም ሞገድ ተቀላቅሎ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ከዚያ ቦታ ወጥቶ ሩቅ ሲጓዝ ግን ይበጠራል፤ በጥልቅ ውሃ ላይ ረጅሙ ሞገድ ከአጭሩ ስለሚፈጥን ቀድሞ ይደርሳል፤ አጭሩም በመንገድ ላይ ይደክማል። ዋልተር ሙንክ የተባለው የውቅያኖስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ከባልደረቦቹ ጋር በደቡባዊው ውቅያኖስ ማዕበል የተወለደ ሞገድ ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ ድረስ ፓሲፊክን ሲሻገር በየጣቢያው እየለኩ ተከታትለውታል። እኛ እዚህ በክረምት የምንጋልበው በሰሜን ፓሲፊክ ርቆ የተነሣ ማዕበል የላከልንን ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ በየ16 ወይም በየ18 ሰከንዱ የተሰለፈ ሞገድ ሊመጣ ይችላል።

የእናንተ ባሕር ግን ዝግ ነው። ማዕበሉ በራፋችሁ ላይ ስለሚወለድ፣ በበረታበት ሰዓት የምትገቡት ሞገድ ውስጥ ሳይሆን ማዕበሉ ውስጥ ነው። ስምንት ሰከንድ ማለት ደግሞ ምን እንደ ሆነ አስተውል። በመካከሉ ረጅም ጊዜ ያለው ሞገድ ሲወድቅ ይበልጥ ይጨፈልቃል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ከመድረሱ በፊት ወጥቶ ሁለትና ሦስት ጊዜ ለመተንፈስ ፋታ ይሰጣል። የአጭሩ አመታት ይቀላል፤ ፋታው ግን የለም። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ያሰጠመህ የሞገዱ ቁመት ሳይሆን ይኸው የጊዜ እጥረት ነው። የሞገድ ጉልበት የሚያድገው በቁመቱ ልክ ሳይሆን በቁመቱ ካሬ መሆኑንም ጨምርበት፤ የአራት ሜትሩ የሁለት ሜትሩ እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። ለሁለት ሜትር ሞገድ የገዛኸው የእግር ገመድ ይህን አያውቅም።

መዝገበ ቃላት (አዲስ አበባ)፦

ባሕር የሌለው አገር ሰው ጣልቃ ገባ አትበሉኝ፤ የቋንቋ ነገር ሆኖብኝ ነው። በዚህ ውይይት ላይ ግራ መጋባት የሚፈጥረው «ማዕበል» የሚለው ቃላችን ይመስለኛል፤ ነፋሱንም፣ ነፋሱ ያስነሣውን ውሃም በአንድ ስም እንጠራዋለንና። «ሞገድ» ለውሃው፣ «ወጀብ» ዝናብ ለቀላቀለው ነፋስ ቢቀር፣ ፓሲፊክ ዳር ያብራሩት ልዩነት በሁለት ቃል ያልቅ ነበር፦ ሞገዱን ጋልቡ፣ ወጀቡን አሳልፉ።

የማማው ሰው (አሽዶድ)፦

በባሕር ዳርቻ ነፍስ አድንነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ አሁን ልጆች አስተምራለሁ። የአዲስ አበባው ወንድማችን ያሉት ትክክል ነው፤ አሽዶድም ሆነ ኔታንያ ልምድ ያላቸው ጋላቢዎች የሚጠብቁት ማዕበሉ ባለፈ ማግሥት ጠዋት፣ ከምሥራቅ፣ ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰውን ለስላሳ ነፋስ ነው። ያ ነፋስ የሞገዱን ፊት ደግፎ ያቆመዋል፤ ቁመቱ ከቀድሞው ጥቂት ቢቀንስም ቅርጽ ይይዛል። ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍሰው ግን ከኋላው እየገፋ ያፈርሰዋል።

ከገደሉ ሥር፣ ልጄ፣ ዐሥር ደቂቃ ተመለከትሁ ያልኸው ላይ ነው ቅር ያለኝ። ምን ፈልገህ ነው የተመለከትኸው? እንደ ጽሑፍህ ከሆነ ያየኸው ሞገዱን ነው። እኔ ከመግባቴ በፊት የማየው ሌላ ነው። በማዕበል ቀን ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ጠርሙስ ወይም እንጨት አይጠፋም፤ አንዱን እመርጥና በዳርቻው ላይ ከእርሱ እኩል እራመዳለሁ። በተራ እርምጃ የምከተለው ከሆነ ደግ ነው፤ ሶምሶማ ካስሮጠኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። በደቡብ ምዕራብ ነፋስ ጅረቱ ወደ ሰሜን እንደሚወስድህ ጠርሙሱ ይነግርህ ነበር፤ በስተሰሜንህ ደግሞ ድንጋይ ነበረ። መውጫህን ሳትመርጥ ገብተሃል ማለት ነው።

ሌላው ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ጅረት ነው፤ ሪፕ የሚሉት። ሞገድ ወደ ዳር የሚከምረው ውሃ ሁሉ መመለሻ ይፈልጋል፤ በአሸዋው ክምር መካከል ክፍተት ሲያገኝ በዚያ ይፈስሳል። ከላይ ሲታይ ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለ ጸጥተኛ መተላለፊያ ይመስላል፤ ሰው የሚታለለውም ለዚህ ነው። ሲበረታ በሰከንድ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ይህን ተቃርኖ የሚዋኝ ጉልበት የኦሎምፒክ ዋናተኞችም ቢሆኑ የላቸውም። ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኝቶ ከመስመሩ መውጣት ነው፤ ካልተቻለም ተንሳፍፎ እስኪለቅ መጠበቅ። ማዕበል የአሸዋውን ክምር ስለሚያፈልሰው፣ ባለፈው ሳምንት የምታውቀው መተላለፊያ ዛሬ ሌላ ቦታ ነው። «ሰፈሬ ነው፣ አውቀዋለሁ» የሚለው ሰው ነው ብዙ ጊዜ ያስቸገረኝ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2010 የመጣውን ማዕበል የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ የቂሳርያን የሞገድ መከላከያ ግንብ አፍርሶ፣ በአሽቀሎን ደግሞ ገደሉን ንዶ ከሥሩ የሮማውያን ዘመን የእብነ በረድ ሐውልት ያወጣው ነው። በዚያን ዕለት ማማው ላይ አልነበርንም፤ ከመንገዱ ማዶ ቆመን ነበር። አንድ ወጣት ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ መጥቶ ከእኛ ጋር ሲመለከት ቆየ፤ ከዚያም አንዳች ሳይናገር ዞሮ ሄደ። ከዚያ ልጅ የተሻለ ጋላቢ አላየሁም እላለሁ፤ ሲጋልብ ግን አይቼው አላውቅም።

አንድ ጥያቄ፦ ብቻህን ነበርህ?

ከገደሉ ሥር (ኔታንያ)፦

አዎን፣ ጋሼ። ብቻዬን ነበርሁ፤ ወዴት እንደምሄድም ለማንም አልተናገርሁም ነበር። ይህን በመጀመሪያው ጽሑፌ ያልጠቀስሁት ረስቼው አይደለም።

ሃያ ዓመቱ (አሽዶድ)፦

በአክብሮት ልቃወም። ሁላችሁም የምትጽፉት ፍርሃትን ነው፤ ሰባስቲያን ሽቱይትነር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2020 በፖርቱጋል ናዛሬ 26.21 ሜትር የተለካ ሞገድ ሲጋልብ ግን ሁላችንም አጨብጭበናል። እርሱም አንድ ቀን ሦስት ሜትር ተኩል ላይ ጀምሯል። በሚያስፈራው ቀን ካልገባን መቼ እንማራለን? በጠፍጣፋ ባሕር ላይ የተማረ ሰው በጠፍጣፋ ባሕር ላይ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ፓሲፊክ ዳር (ካሊፎርኒያ)፦

ወንድም ሃያ ዓመቱ፣ ተቃውሞህ የተገባ ነው፤ መማር ያለ ፍርሃት እንደማይገኝ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ናዛሬን ምሳሌ ካደረግህ ሙሉውን ውሰደው። ናዛሬ ላይ ሞገዱ የሚገዝፈው ከዳርቻው ጥግ የሚጀምር፣ ወደ 5,000 ሜትር የሚጠልቅ የባሕር ውስጥ ሸለቆ የአትላንቲክን ጉልበት ሳይቀንስ ወደ አንድ ቦታ ስለሚያደርሰው ነው። እዚያ የሚጋልቡትን ጄት ስኪ በሚባል የውሃ ሞተር ብስክሌት የሚጎትት ሰው አለ፤ ለማንሣት የሚጠብቅ ሁለተኛ ጄት ስኪ ይኖራል፤ ከገደሉ ላይ ሆኖ በሬዲዮ የሚመራ ዓይን አለ፤ ጋላቢው ሲሰጥም ሳቢ ገመዱን ስቦ በጋዝ የሚሞላው ሰደርያ ለብሷል። ይህ ሁሉ እያለ እንኳ ማያ ጋቤይራ እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው ራሷን ስታ፣ የቡድን ጓደኛዋ ካርሎስ ቡርሌ ወደ ዳር ጎትቶ በትንፋሽ ማዳን ሥራ መልሷታል። ከዓመታት ሕክምናና ልምምድ በኋላ፣ በ2020 በዚያው ቦታ 22.4 ሜትር ጋልባ በሴቶች ክብረ ወሰን አስመዘገበች። ብራዚላዊው ማርሲዮ ፍሬሬ ግን ጃንዋሪ 2023 እዚያ ሕይወቱ አለፈ፤ የግዙፍ ሞገድ አዋቂ ከሚባሉት አንዱ ነበር።

ከእኔ ቤት ወደ ሰሜን፣ ማቨሪክስ በሚባለው የግዙፍ ሞገድ ቦታ፣ የሃዋዩ ማርክ ፉ ዲሴምበር 23 ቀን 1994 የሞተበት ሞገድ ከዕለቱ ትልቁ አልነበረም። አወዳደቁም በየቀኑ የሚታይ ዓይነት ስለ ነበር፣ ከውሃው እንዳልወጣ ወዲያው ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ የተገኘው ከሰዓታት በኋላ ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይረብሸኛል፤ ባሕሩ በሰው የተሞላ ነበር፤ ካሜራም ነበር።

አሁን ወደ እኅት ዓለም ጥያቄ ልመለስ። በሃዋይ ዋይሜያ በኤዲ አይካው ስም የሚካሄድ ውድድር አለ፤ አይካው የዚያ ባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ጀልባ ተገልብጣ ለጓደኞቹ እርዳታ ሊያመጣ በሰሌዳው ቀዝፎ ሄዶ አልተመለሰም። ውድድሩ የሚፈቀደው የሞገዱ ፊት 12 ሜትር ገደማ ሲደርስ ብቻ ስለሆነ ብዙ ዓመታት ሳይካሄድ ያልፋል። በ2023 ያሸነፈው ሉክ ሼፐርድሰን የዚያው ዳርቻ ነፍስ አድን ሲሆን፣ በዚያ ቀን በሥራ ላይ ነበር፤ ተራው ሲደርስ ከማማው ወርዶ ይወዳደራል፣ ጋልቦ ሲጨርስ ወደ ሥራው ይመለሳል። በትልቅ ሞገድ ላይ የማከብራቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ሌላ ሰው ማውጣት የሚችሉ። እኔም ወሰኔን በዚህ ነው የማሰምረው፦ በዚያ ቀን አጠገቤ ያለው ሰው ቢሰጥም ላወጣው የማልችል ከሆነ፣ እኔም እንዲያወጣኝ ልጠብቅ አልችልም፤ ስለዚህ አልገባም።

ነርስ በሃይፋ፦

በድንገተኛ ክፍል ስለምሠራ ከውሃው በኋላ ስላለው ብቻ ልጽፍ። በጅረት የሚሰጥም ሰው እንደ ተረቱ እየጮኸ እጁን አያውለበልብም፤ አፉ ከውሃ በላይና በታች ስለሚል ለመጮህ የሚሆን አየር የለውም፤ ጸጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ብታወጡትና ካልተነፈሰ፣ ወደ አምቡላንስ፣ ወደ 101፣ የሚደውል ሰው አዝዛችሁ በአፍ ትንፋሽ በመስጠት ጀምሩ፤ ልቡ የቆመው አየር አጥቶ ስለሆነ ደረቱን መጫን ብቻውን አይበቃውም።

ከገደሉ ሥር፣ አንተ ሦስት ጊዜ ሰጥመህ በእግርህ ወደ ቤትህ ሄደሃል። በዚያ ቀን ያላቋረጠ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ያልተለመደ ድካም ኖሮህ ከነበረ ያኔውኑ ሐኪም ሊያይህ ይገባ ነበር። ከመግባታቸው በፊት ትንፋሻቸውን ለማርዘም ደጋግመው በፍጥነት ለሚተነፍሱ ወጣቶችም አንድ ቃል፦ ይህ የኦክስጅን ክምችታችሁን ይህን ያህል አይጨምረውም፤ የሚቀንሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ ማለትም «ውጣ» የሚላችሁን ደወል ነው፤ ደወሉ ሳይሰማ ውሃ ውስጥ ራስን መሳት ይመጣል። ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ወዲያው ውጡ፤ የመጨረሻው ከተሰማ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ። ከዝናብ በኋላ በፖሌግ ወንዝ አፍ አካባቢ ስለሚገባው ቆሻሻ ውሃ ብዙ አልልም፤ የጆሮና የሆድ ሕመምተኞቼ ይናገሩ።

ሃያ ዓመቱ (አሽዶድ)፦

ስለ ትንፋሹ አላውቅም ነበር። እናመሰግናለን።

ከገደሉ ሥር (ኔታንያ)፦

የጻፋችሁልኝን ሁሉ ሁለት ጊዜ አነበብሁ። ሳሉ አንድ ሌሊት ቆይቶ ጠፋ፤ ሐኪም ዘንድ አልሄድሁም፤ መሄድ ነበረብኝ።

እሑድ ጠዋት ነፋሱ ከምሥራቅ ሆኖ ስለ ነበር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ወረድሁ። በጋሼ ምክር የፕላስቲክ ጠርሙስ ፈልገን ከእርሱ ጋር ተራመድን፤ ጓደኛዬ ሳቀብኝ፤ ጠርሙሱ ግን እኛ ካሰብነው በተቃራኒ ወደ ደቡብ ሲሄድ ሳቁን አቆመ፤ የምንገባበትን ቦታም ቀየርን። የተዋስሁት ሰሌዳ ለእኔ ትንሽ አጥሮኝ ነበር። ሞገዱ ከሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ፊቱ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ሐሙሱ አላስደሰተኝም። ይህን ካልጻፍሁ ለሃያ ዓመቱ ሐቀኛ አልሆንም፤ ያ ስሜት በዚህ አልተተካልኝም፤ ይተካል ብሎ የሚነግረኝም ካለ አላምነውም። ነገር ግን ጓደኛዬ ወድቆ ጭንቅላቱ ብቅ እስኪል እየቆጠርሁ ስጠብቅ፣ ሐሙስ ዕለት ማንም እንዲህ እንዳልጠበቀኝ ትዝ አለኝ፤ አንዱን ጥሩ ሞገድ በዚሁ ምክንያት አሳለፍሁት።

ሰሌዳዬ ከድንጋዮቹ መካከል በሁለት ተከፍሎ ተገኝቷል። የእግር ገመዱን ቁራጭ ግን ቤት ወስጄ በመብራት አየሁት፤ የተበጠሰው መሐል ላይ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚት ማሰሪያው ጋር በሚጋጠምበት ነው። ከተበጠሰው ግማሽ የሚሆነው ፊት ንጹሕና አዲስ ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን ጠቁሮ፣ በስንጥቁ ውስጥ አሸዋ ገብቶበታል። ከሐሙስ በፊት ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው። ሦስት ክረምት ስታሰረው አንድም ቀን አጥፌ አላየሁትም።

የማማው ሰው (አሽዶድ)፦

ያንን ቁራጭ አትጣለው። እሑድ ከሰዓት በኋላ አሽዶድ ብትመጣ ለማስተምራቸው ልጆች በእጃቸው እንዲያጥፉት ብትሰጣቸው ደስ ይለኛል፤ ሃያ ዓመቱንም ይዘህልኝ ና፤ ሰፈሩ እዚሁ ነው።

ከገደሉ ሥር (ኔታንያ)፦

አመጣዋለሁ፣ ጋሼ። የልጆቹን የእግር ገመድ ግን አስቀድመው እርስዎ ይዩት።